በክብሪት ቀፎ የመጣች ሚሞሪ

«ሳጥኗ ዝም አለች» አሉኝ አጎቴ።

ግንቦት 2016 ነው። የደወሉልኝ ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጉብታ ወጥተው ነው፤ ነፋሱ ከድምፃቸው በላይ ይሰማኛል። አጎቴ ከግሸን አምባ ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራሉ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ለማላውቃቸው ሰዎች የክፍያ ሲስተም ኮድ እጽፋለሁ።

«ቀዩ መብራት በርቷል?» አልኳቸው።

«በርቷል።»

«አረንጓዴውስ? ብልጭ ብልጭ ይላል?»

«እሱማ ጭራሽ።»

ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ እንዳልል፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ስለዚህ ሕመምተኛውን ሳያይ በስልክ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ሆንኩ። ራስቤሪ ፓይ ላይ ቀዩ መብራት ኃይል መግባቱን፣ አረንጓዴው ሚሞሪ ካርዱ እየተነበበ መሆኑን ነው የሚናገረው። ቀዩ በርቶ አረንጓዴው ከሞተ፣ ሰሌዳው በሕይወት አለ፤ የሚያነበው ነገር ግን አጥቷል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ሚሞሪዋ ናት የተበላሸችው። አውጥተው ይጣሏት። ኮፒው እኔ ጋ አለ፤ በአዲስ ሚሞሪ ጭኜ እልክልዎታለሁ።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«የቲቸርስ ድምፅ?» አሉ።

«የምን ድምፅ?»

ሳጥኗ የምንላት ነገር እንዲህ ናት። ከውጭ ሲያይዋት በጋለ ምስማር ቀዳዳ የተበሳሳች የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ናት። ውስጧ አንድ ራስቤሪ ፓይ 3 አለ። ለማያውቅ ሰው፦ ራስቤሪ ፓይ ሁለመናው አንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ፣ መታወቂያ ካርድ የሚያክል ኮምፒውተር ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለሽያጭ ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። የኔዋ ሦስተኛው ትውልድ ናት፤ 1 ጊጋባይት ራም፣ አብሮ የተሠራ ዋይፋይ። ሃርድ ዲስክ የላትም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም፣ ፕሮግራሙም፣ ፋይሉም የሚቀመጠው የጣት ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ላይ ነው። ሚሞሪዋን ነቅላችሁ ሌላ ብትሰኩ ሌላ ኮምፒውተር ሆነች ማለት ነው።

የገዛኋት ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ነበር። መሬቱ ሲደርቅ ራሱ አውቆ ውኃ የሚከፍት ሲስተም። አንድም ችግኝ ሳያጠጣ ጥሩ ውጤት አመጣልኝ። መጋቢት 2012 ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ ፓይዋን ከልብሴ ጋር ጠቅልዬ ወደ አምባሰል ገባሁ። እዚያ ያለ ሥራ ወራት ተቀመጥኩ። አጎቴ አንድ ቀን ሰሌዳዋን በሁለት ጣታቸው አንስተው ካገላበጡ በኋላ፦

«ኢንተርኔት በሌለበት ይቺ ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ እስካሁን በሥራ ቃለ መጠይቅም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱ ኪዊክስ ነበር። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን የመሰለ ትልቅ ድረ ገጽ ጨምቆ አንድ ፋይል ውስጥ የሚያስገባ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ እጅግ ትልቅ ስለሆነ የኔ ሚሞሪ አይችለውም፤ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የተጻፈውንና የአማርኛውን ጫንኩ። ደሴ ወርጄ ሌሊት ሌሊት ነው ያወረድኩት። የመማሪያ መጻሕፍቱን ጨመርኩ። ፓይዋ ራሷ ዋይፋይ ትለቃለች፤ ተማሪው በስልኩ ይገባል፣ ያነባል። ዳታ አይቆርጥም። ትምህርት ቤቶች በ2013 ሲከፈቱ ሥራ ጀመረች።

በአራተኛው ወር ሞተች። ጥፋቱ የኔ ነው። መብራት ሲሄድ ሚሞሪው ላይ እየተጻፈ ከነበረ ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል፤ እዚያ ደግሞ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም። ቅጂ አልነበረኝም። ሁሉንም ከዜሮ ጀምሬ ሠራሁ፤ ከዚያ በኋላ ብልጥ ሆንኩና በነሐሴ 2013 የሚሞሪዋን ሙሉ ቅጂ፣ እኛ ኢሜጅ የምንለውን፣ ላፕቶፔ ላይ አስቀመጥኩ።

ኢሜጅ ማንሳት ፋይል ኮፒ ማድረግ አይደለም። ፋይል ስትገለብጡ የሚታየውን ብቻ ነው የምትወስዱት። ኢሜጅ ግን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፣ ባዶውንም ጭምር፣ እንዳለ ያነሳል። ፓይ የምትነሳበት ትንሹ ክፍልም፣ ሲስተሙ ያለበት ትልቁም አብሮ ይመጣል። ሌላ ሚሞሪ ላይ ብትጭኑት እዚያው ኮምፒውተር ይነሳል። ይህን የሚሠራው የጥንቱ መሣሪያ ዲዲ ይባላል፤ ከ1970ዎቹ ዩኒክስ ጀምሮ ያለ ሁለት ፊደል። ከየት አንብቦ የት እንደሚጽፍ ትነግሩታላችሁ፣ ይሠራል፣ ምንም አይጠይቃችሁም። «እርግጠኛ ነህ?» የምትለዋን ጥያቄ አያውቃትም። ኮምቦልቻ ዶርም እያለሁ የመጨረሻዋን ፊደል ተሳስቼ የጓደኛዬን የሁለት ዓመት ፎቶ በባዶ ሊኑክስ ተክቼበታለሁ። አሁንም ድረስ በዓል ሲመጣ ያነሳብኛል።

ብቻ ያቺ የነሐሴ 2013 ኢሜጅ እኔ ጋ ስላለች እንቅልፌን እተኛ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋ ሲደርስ አጎቴ ሳጥኗን ጎተራ ውስጥ ጤፍ ሥር ቀብረዋት እንደነበር የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። ስሰማ ሳቅሁ። «ለምን ደከሙ ጋሼ፣ ኮፒው እኔ ጋ አለ» አልኳቸው። ያኔም ዝም ብለው ነበር። የዝምታቸውን ምክንያት ያወቅሁት በግንቦቱ ስልክ ነው።

«አንተ አይደለህ እንዴ በሩን የከፈትክልን» አሉኝ።

ረስቼዋለሁ። በ2013 ሳጥኗን እንደገና ስሠራ «እኛስ የራሳችንን ማስገባት አንችልም?» ብለውኝ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፋይል መጫኛ ገጽ ሠራሁና የይለፍ ቃሉን ሰጠኋቸው። «የመምህራን» የሚል ማውጫ። ከዚያ በኋላ ትዝም አላለኝ። እዚያ ማውጫ ውስጥ አንዲት የሒሳብ መምህርት ለሁለት ዓመት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትምህርት በስልኳ እየቀዳች አስገብታለች። 63 ቅጂ። በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ እስከ 8ኛ በአማርኛ የተማረ ልጅ ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው የሚጥለው። እሷ በአማርኛ ታስረዳለች። ተማሪ ሁሉ «ቲቸር» ብቻ ነው የሚላት። በ2015 ሥራዋን ለቃ ወደ አረብ አገር ሄደች፤ የቀድሞ ስልኳም አይሠራም።

የኔ ኢሜጅ ከዚያ ሁሉ በፊት የተነሳች ናት። አጎቴ እሺ ብለውኝ ሚሞሪዋን ወደ ገደል ወርውረዋት ቢሆን ኖሮ፣ ደስ እያለኝ በሦስት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰች ሳጥን እልክላቸው ነበር። «ተስተካከለ» ብዬ።

«እንዳይጥሏት» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«አብሽር» አሉኝ። «ድሮስ መች ልጥላት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚሞሪዋ በሦስት ሰው እጅ ተቀባብላ አዲስ አበባ ደረሰች። በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልላ። ቀፎው ላይ በእስክሪብቶ «አደራ» ተጽፎበታል።

ወደ ላፕቶፔ ስሰካት ታየች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጭራሽ ካልታየች ነገሩ የሌላ ባለሙያ ሥራ ይሆናል። ነገር ግን ልከፍታት ስሞክር ትንጠለጠላለች። እዚህ ላይ ዲዲ አይሆንም። የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው ይቆማል፤ አትቁም ብትሉትም በዚያው ቦታ እየደጋገመ ይደበድባል፤ ሊሞት የደረሰ ሚሞሪ ደግሞ ድብደባ አይችልም። ለዚህ የተሠራው ዲዲሬስኪው ነው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ዲዲሬስኪው መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያነሳል። ችግር ያለበት ቦታ ሲደርስ ዘሎ ያልፍና ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል። ደህናው ካለቀ በኋላ ወደ ዘለላቸው ይመለሳል፣ ከፊትም ከኋላም ይሞክራል። መብራት ቢሄድ ወይም ብታቋርጡት ካርታውን አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል። የታመመን ሰው እንደማስታመም ነው፤ መጀመሪያ የሚችለውን ትጠይቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት አብዛኛውን አነሳ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሌሊት በሰዓት ጥቂት ኪሎባይት። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ትቼው መተኛት አልቻልኩም፤ ቁጥሩ ሲቀየር ለማየት እነሳለሁ። በእነዚያ ሌሊቶች ነው ስለ አገሬ ያነበብኩት። ትምህርት ቤት እያለን ዓመት ዓመት መስከረም 21 ወደ ግሸን የሚወጣውን ምዕመን ውኃ እናጠጣ ነበር፤ አምባው መስቀል መምሰሉን፣ ግማደ መስቀሉ እዚያ መኖሩን፣ መጽሐፈ ጤፉት እንዴት እንደመጣ እንደሚተርክ ከእናቴ ሰምቻለሁ። ያላስተዋልኩት የአምባውን ሌላ ታሪክ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ለዙፋን የሚፈለጉ የንጉሥ ልጆች ሁሉ የሚጠበቁት እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከመንገሣቸው በፊት እዚያ ተይዘው ቆይተዋል። መውጫና መግቢያው ጠባብ፣ ዙሪያው ገደል፤ ከዚህ የተሻለ ማስቀመጫ ከየት ይመጣል? በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜ ግን አምባው ተሰበረ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ስለነበር የተረፈው ጥቂት ነው። እኔም አንዲት ሚሞሪ እያየሁ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ።

ከግሸን ብዙም የማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ ሌላ ታሪክ አለው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እ.ኤ.አ. የ1280 ወይም 1281 ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር የሐይቅ መጻሕፍትም ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሄደ። እዚያ ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው አንድ በአንድ አገላብጠው ካታሎግ ሠሩለት። ያ ወንጌል ቁጥሩ 1832 ነው። እኔ የምወደው ቁጥሩን ነው። አንድ ሰው ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ «ይኼ ይኼ ነው» ብሎ አስቀምጧል። የኔ ኢሜጅ ስሟ «የመጨረሻ አዲስ 2» ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዲዲሬስኪው አበቃ። ከ64 ጊጋባይቱ 41 ሜጋባይት ብቻ አልተነበበም። ከ99.9 በመቶ በላይ ተርፏል ማለት ነው። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ግን የቱ 41 ሜጋባይት? አንዷ ቅጂ 11 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነች፣ ኪሳራው አራት ትምህርትም ሊሆን ይችላል፣ የአርባ ትምህርት ቁርጥራጭም።

ይህን የሚያሳውቅ አንድ ዘዴ አለ፤ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ከተነሳው ኢሜጅ ሌላ ቅጂ ታወጣላችሁ። ዲዲሬስኪው ካርታውን ተከትሎ ያልተነበበውን ቦታ ሁሉ እናንተ በመረጣችሁት ቃል እንዲሞላላችሁ ታዙታላችሁ። ከዚያ ፋይሎቹ ውስጥ ቃሉን ትፈልጋላችሁ። ቃሉ የተገኘበት ፋይል ጉዳት ደርሶበታል። እኔ የመረጥኩት ቃል «አደራ» ነበር፤ ከክብሪት ቀፎው ላይ። አምስት ፋይሎች ውስጥ ተገኘ። አንዱ የዊኪፒዲያው ትልቅ ፋይል ነው፣ እሱ እንደገና ይወርዳል። አራቱ የቲቸር ናቸው። 17፣ 38፣ 40 እና 52።

59ኙ ደህና ናቸው።

ቀጥሎ የፈለግሁት ሲስተሙ ራሱ ይነሳ እንደሆነ ማየት ነበር፤ ግን ፓይዋ ያለችው አምባሰል ነው። ሌላ ልግዛ ብል ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ስለዚህ ኪዩኢሙን ተጠቀምኩ። ኪዩኢሙ ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ሶፍትዌር ነው፤ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያስመስላል። ላፕቶፔ ለጊዜው ራስቤሪ ፓይ ነኝ ብሎ ያስባል። ለመዋሸት ግን ወግ አለው። የሚሞሪው መጠን 16፣ 32፣ 64 እያለ በእጥፍ ካልሄደ፣ አልነሳም ይላል፤ ካርድ ፋብሪካዎቹ ደግሞ 64 ብለው የሚጽፉት ከልቡ 64 አይደለም። ቅጂዋን ለጠጥኳት። ኔትወርኩ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ አሮጌ አይሱዙ እያቃሰተች፣ ተነሳች። ብሮውዘሬ ላይ ልጆቹ የሚያዩት ገጽ መጣ፤ ከአራት ዓመት በፊት የመረጥኩት አስቀያሚ አረንጓዴ ቀለም ጭምር።

ሰዓቷን አየሁ። ጥር ላይ ናት።

ራስቤሪ ፓይ 3 ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም። ሰዓቷን የምታውቀው ከኢንተርኔት ጠይቃ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ስትጠፋ የነበረችበትን ሰዓት ጽፋ ታስቀምጥና ስትበራ ከዚያ ትቀጥላለች። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሁሉ ለሷ ጊዜ አልሄደም። እኛ ከዓለም በሰባት በስምንት ዓመት እንለያለን፤ ሳጥኗ ደግሞ ከኛም በአራት ወር ተለይታ የራሷን ዘመን ይዛለች። በሷ አቆጣጠር መብራት በሌለበት ያለፈ ሌሊት የለም።

ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘግበው ሎግ አልተሰረዘም ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ዊኪፒዲያን ያነባሉ ብዬ ነበር። ለሰው ሁሉ «ዊኪፒዲያን ወደ ገጠር ወሰድኩ» እያልኩ አውርቻለሁ፤ ሲቪዬ ላይም አለ። ሎጉ ሌላ ነው የሚለው። ከአሥር ጥያቄ ሰባቱ ወደ «የመምህራን» ማውጫ ነው። ከሱ ቀጥሎ አጎቴ በስልክ ፎቶ አንስተው ያስገቧቸው የአሮጌ ፈተና ወረቀቶች። ዊኪፒዲያ ከታች ነው፤ እዚያም በብዛት የተከፈቱት እግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ደሴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ያወረድኩት ለዚህ ነበር።

ከድምፆቹ አንዱን ከፈትኩ። 23ኛው። መጀመሪያ ዶሮ ይጮሃል። ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት «ልጆች፣ ዛሬ ይህችን ቀመር በቃል አንይዛትም፣ ከየት እንደመጣች እናያለን» ትላለች። የወሎ አነጋገር ነው፣ ለስለስ ያለ። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ነው። ሁለቱም ጎን ላይ እኩል ስንጨምር ሚዛኑ ለምን እንደማይዛባ በገበያ ሚዛን ታስረዳለች። መሀል ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን መታው፣ ምንም አይሰማም። አላቋረጠችውም፤ «ያባራ» አለችና ጠበቀች። ሁለት ደቂቃ ተኩል ዝናብ ብቻ። ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች። ይህን ቀመር ለአምስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት በዚያ ሌሊት ነው።

የቀረው አዲስ ሚሞሪ መግዛት ነበር። አንድ ሱቅ ገባሁ፣ «ኦሪጅናል» የተባለ 64 ጊጋ ገዛሁ። ሚሞሪ ስትገዙ አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ኤፍ3 የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ሚሞሪውን ጥግ ድረስ ይጽፍበትና መልሶ ያነበዋል። ሐሰተኛ ሚሞሪ 64 ነኝ ይላል፣ ስልካችሁም ያምነዋል፤ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ የምትጽፉት ግን የትም አይገባም። የኔው 7 ጊጋ ከምናምን ሆኖ ተገኘ። ሻጩ «ሌላ ሰው አልተማረረም» አለኝ። ሌላ ሰውማ ፎቶው ሲጠፋ ስልኩን ነው የሚሰድበው። በሦስተኛው ሱቅ ሁለት እውነተኛ ሚሞሪዎች አገኘሁ። ዶላር ከሐምሌ በኋላ ተንሮ ስለነበር ዋጋቸውን አልናገርም፤ እናቴ ታነበዋለች።

ሁለት 64 ጊጋ የተባሉ ካርዶች በጥቂት ሜጋባይት ስለሚለያዩ፣ የአንዱ ኢሜጅ ሌላው ላይ ላይገባ ይችላል። ፓይሽሪንክ የምትባል ስክሪፕት ኢሜጁን ባዶ ቦታውን አውጥታ ታሳንሰዋለች፤ አዲሱ ካርድ ላይ ሲነሳ ራሱን ይዘረጋል። እሷን ተጠቅሜ ሁለቱም ላይ ጫንኩ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ድምፅ አሻራ ከኢሜጁ ጋር አስተያየሁ። ይህን ቁጥር ኮምፒውተሩ ከፋይሉ ያሰላዋል፤ አንዲት ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ቁም ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ከናሙናው ጋር እንደሚያመሳክረው ማለት ነው፣ ያለ ዓይን ድካም።

ለምን ሁለት? አንዷ ፓይዋ ውስጥ ትገባለች። ሌላዋ በካርድ ሪደር በዩኤስቢ ትሰካለች። አርፒአይ-ክሎን የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፓይዋ ሳትጠፋ፣ ልጆቹ እያነበቡ፣ ራሷን ወደ ሁለተኛዋ ትገለብጣለች። መጀመሪያ ሁሉንም፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ሁለቱ ካርዶች አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይዘው እንዳይጋጩም ለቅጂዋ የራሷን ቁጥር ይሰጣታል። አጎቴ ትዕዛዝ ይጻፉ አልልም። አንድ አዝራር ምሳ ዕቃው ጎን ላይ እንዲገጥሙ ሽቦውንና ሥዕሉን አብሬ ላክሁ፤ ሲጫኑት ትገለብጣለች፣ ስትጨርስ አንዲት አምፖል ትበራለች። ዓርብ ዓርብ ይጫኑታል፤ ሁለተኛዋን ሚሞሪ ነቅለው ቤታቸው ይወስዷታል። ኮፒው እኔ ጋ መኖሩ ቀርቷል። እኔ ጋ ሲሆን አረጀ።

መንገዱ እንደ ድሮው አልነበረም፤ በ2017 መስከረም ግን ከሰፈራችን ሁለት እናቶች ለ21 ግሸን ካልሄድን ብለው ተነሡ። አንዷ ሚሞሪዎቹን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯቸው። «ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሒሳብ ትምህርት ነው፣ እትዬ።»

«ይኼን ታህል?»

በአምስተኛው ቀን አጎቴ ደወሉ። «አረንጓዴዋ ትጨፍራለች» አሉ። አዝራሩን ገጥመውታል፤ ሥዕሉን ትተው በራሳቸው መንገድ ገጥመውታል፣ ይሠራል። ስለ አራቱ የጠፉ ድምፆች ስነግራቸው እንደገና ዝም አሉ። ዝምታቸውን አሁን ስለማውቀው ጠበቅሁ።

«ቆይ ልጆቹን ልጠይቅ» አሉ።

ይህንንም አላሰብኩትም ነበር። ልጆቹ ድምፆቹን በስልካቸው ጭነው፣ በዜንደር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ቤታቸው ዋይፋዩ አይደርስ፤ ታዲያ ምን ያድርጉ። 17ኛው የአንድ 12ኛ ክፍል ተማሪ ስልክ ላይ ተገኘ፤ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ድምፁ ብቻ የሚሠራ ስልክ። 40ኛው ደግሞ ትምህርት አቋርጦ ውጫሌ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ጋ ነበር፤ ከዘፈኖቹ መሀል።

38ኛው አልተገኘም። ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ያን ቀን የያዘችው ደብተር ነበራት። አጎቴ ስልካቸውን ሰጧትና ባዶ ክፍል ውስጥ ቀዳችው። እኔ የሰማሁት በጥር፣ ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ነው። «ልጆች» ብላ ነው የምትጀምረው፤ ልክ እንደ ቲቸር፣ ከነአሳሳቧ። አንድ ቦታ ላይ ስሌቱን ተሳስታ «አይ፣ ቆይ» ትላለች፤ ወረቀት ይገለበጣል፤ ከዚያ ታርመዋለች። አጎቴ ስህተቷን ቁረጥላት አላሉኝም፣ እኔም አልቆረጥኩትም።

52ኛውን በደብተሩ የያዘ ሰው እስካሁን አልተገኘም።